ቁልቁል የቆመች መኪና

ጎንደር ውስጥ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ የቆመች አሮጌ መኪና ካያችሁ ባለቤቷን መጠየቅ አያስፈልግም። ባትሪዋ ደክሟል፤ የምትነሳው ቁልቁለቱን ተንደርድራ ወይም በሰው ተገፍታ ነው። ከፊት ጎማዋ ሥር ድንጋይ ካለ ደግሞ ነገሩ ከረምረም ብሏል ማለት ነው።

እኔም ከነዚህ ባለመኪኖች አንዷ ነበርኩ። ከአጎቴ የደረሰችኝ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። ታርጋዋ ኮድ 2፣ ሞተሯ 1300 ሲሲ፣ ማርሿ በእጅ፣ ጠባይዋ እንደ ቀኑ። ብርዱ ሲገባ ባትሪዋ መለገም ጀመረ። ኑሮው እንደምታውቁት ነው፤ አዲስ ባትሪ የሚገዛ ብር እስኪጠራቀም ወራት አለፉ። በነዚያ ወራት ከተማዬን በሌላ ዓይን አየኋት። ሰው ጎንደርን በግንቧ ያውቃታል። እኔ በዘንበልታዋ አወቅኳት። የትኛው በር ላይ ቁልቁለቱ እንደሚበቃ፣ የትኛው ደግሞ ቁልቁለት መስሎ እንደሚሸነግል፣ የቱ ጋ ኮብልስቶኑ ተነቅሎ ጎማ እንደሚይዝ በቃሌ ያዝኩት።

ከተማዋ የተቀመጠችው በአንገረብና በቀሃ መካከል ነው። ሁለቱም ወንዞች ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይወርዳሉ። ስለዚህ ወደ ጎሃ ካልወጣችሁ በቀር ከመሀል ከተማ ስትነሱ በአብዛኛው መውረድ ነው። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማ ሲቆረቁሩ ስለ ዲኤክስ ባትሪ አላሰቡም። ቦታ መምረጥ ግን ያውቁበታል። ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወርደው መንገድ ለእኔ ከማንኛውም ጋራዥ ይሻል ነበር። ጎሃ ሆቴል እንግዳ ካለኝ ደግሞ ደስታዬ ነው፤ ከዚያ ጉብታ ላይ መኪና አለመነሳት አይችልም።

ክፉው አዘዞ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ሜዳ ለአውሮፕላን ተመቸ እንጂ ለእኔ አልተመቸም። ዘመድ ልቀበል ስሄድ ሞተር አላጠፋም ነበር። አውሮፕላኑ ከዘገየ ቤንዚኑ ያልቃል፣ ሞተሩን ካጠፋሁ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሱፍ ለብሶ የመጣውን ዘመዴን "ውረድና ግፋ" ልለው ነው። ሁለቱንም አድርጌዋለሁ።

ባትሪ እንዲህ ቶሎ የሚደክመው ለምንድን ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ አንዱ ምክንያት መቆም ነው። መንገድ የሚዘጋጋባቸው ቀናት አሉ። ቤንዚን የሚጠፋባቸው ሳምንታት አሉ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ስትውል ስታድር ባትሪው ሳይነካ በራሱ ይወርዳል። ከዚያ ላይ የጥዋት ብርድ ይመጣል። ብርድ ሲሆን ባትሪው ጉልበት ያንሰዋል፣ ዘይቱ ደግሞ ወፍሮ ሞተሩ ለመዞር ይከብደዋል። ሁለቱ አብረው የሚመጡት ልክ ለሥራ ስትቸኩሉ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል። የመጀመሪያው ቀን ቁልፍ ሳዞር "ጠቅ" ብሎ ዝም ሲል ሰሙና በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ ጠየቁኝ።

"የዳሽቦርዱ መብራት በርቷል?"

"በርቷል ጋሼ።"

"እንግዲያ ነፍስ አላት። ሰው ጥሪ።"

ኋላ ቁጭ ብለው ሲያስረዱኝ ነው የገባኝ። ባትሪ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል። ከባዱ ሞተሩን የሚቀሰቅሰውን ሞተሪኖ ማዞር ነው። ሞተሪኖ ሲነሳ ከ100 አምፔር በላይ ይጎትታል። ቀላሉ ቤንዚኑን ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች እሳት መስጠት ነው፤ ለዚህ ጥቂት አምፔር ይበቃል። የደከመ ባትሪ ከባዱን አይችልም፣ ቀላሉን ግን ይሞክረዋል። ሰው ሲገፋ የሚያደርገው እንግዲህ ከባዱን ሥራ ከባትሪው ላይ መውሰድ ነው። ጎማው ይዞራል፣ ጎማው ካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሹን ሣጥን፣ ያዞራል፣ ካምቢዮው ሞተሩን ያዞራል። ባትሪው እሳቷን ብቻ ያቀብላል። መብራቱ ጭራሽ ካልበራ ግን ቀላሉንም መሥራት አቅቶታል ማለት ነውና ሰው ማድከም ነው።

ማርሹ ሁለተኛ ነው የሚሆነው። ይኼ ነገር ብዙ ያከራክራል። እኔ መሪ ጨብጬ ተቀምጬ ከኋላ "አንደኛ አግቢ!"፣ "የለም፣ ሦስተኛ!" የሚሉ ድምፆች ይመጣሉ። ሴት መሪ ላይ ካለች ደግሞ መንገደኛው ሁሉ መምህር ነው። ጋሼ ግን "አንደኛ ጉልበተኛ ነው፣ ግን ግልፍተኛ ነው" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንደኛ ላይ ጎማው አንዴ እንዲዞር ሞተሩ ብዙ ጊዜ መዞር አለበት፤ ስለዚህ መኪናዋ ትንገጫገጭና የገፊዎቹን ጉልበት ትበላለች፣ ጠጠር ላይ ከሆነች ጎማዋ ይንሸራተታል። ሁለተኛ ላይ በግማሽ ያህል ይቀላል። ቁልቁለቱ ረዥም ከሆነና ፍጥነት ካለ ሦስተኛም ይሠራል።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሞተሪኖ ሞተሩን የሚያዞረው በደቂቃ 200 ጊዜ ገደማ ነው። ሦስት ሰው በሶምሶማ ሲገፋ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ከዚያ በላይ ይዞራል። ማለትም ከሊስትሮ ሣጥኑ የተነሳ ልጅ፣ አንድ ተማሪና አንድ ባለባጃጅ ሆነው ከፋብሪካ የወጣውን ዕቃ ይበልጡታል። ዲኤክስ ባዶዋን ወደ 9 ኩንታል ትሆናለች፤ ግን ሜዳ ላይ ከባዱ ከቆመችበት ማንቀሳቀሱ ብቻ ነው። ከተንቀሳቀሰች በኋላ እሷው ትረዳለች።

አሠራሩ ይኸው ነው። ቁልፉን እስከ መብራቱ ድረስ ታዞራላችሁ። ፍሪሲዮን (ክላች) ትረግጣላችሁ፣ ሁለተኛ ታገባላችሁ፣ የእጅ ፍሬን ትለቃላችሁ። መኪናዋ ሩጫ ስትጀምር ፍሪሲዮኑን ቶሎ ትለቃላችሁ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ቀስ ብሎ የለቀቀ ሰው የሰዎቹን ጉልበት ያባክናል፤ ሩጫው ሁሉ ፍሪሲዮኑ ላይ ያልቃል። ሞተሩ "ቡፍ" ብሎ ሲይዝ ወዲያው መልሳችሁ ትረግጡና ቤንዚን ትንሽ ትሰጣላችሁ። ያቺ ቅጽበት እግር ላይ ነው የምትሰማው። መጀመሪያ መኪናዋ እንደተያዘች ወደ ኋላ ትጎተታለች፣ አፍንጫዋ ዝቅ ይላል። ቀጥሎ ከእግራችሁ ሥር አንድ ነገር ይመታል፣ ከዚያ ራሷ ትሄዳለች። የገፊዎቹ እጅ ከኮፈኑ ላይ ሲለቅ እንኳ ይታወቃል፤ መኪናዋ ትቀላለች።

ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። ለዚህ ጽሑፍም የቀሰቀሰኝ እሱ ነው።

ሞተሩ ሲነሳ የገፉት ሰዎች ከኋላ ይቀራሉ። በመስታወት ይታዩኛል። አንዱ እጁን ያራግፋል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ የወደቀ ጫማውን ሊያነሳ ይመለሳል። ቆሜ "እግዜር ይስጥልኝ" ማለት አለብኝ። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። ግን ብቆም ትጠፋለች። ባትሪው ደካማ፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞም ሞተሩ ዝግ ሲል የሚሰጠው ትንሽ። ብትጠፋ ደግሞ እነዚያው ሰዎች እንደገና ሊገፉ ነው። ስለዚህ ለገፊዎቼ ላደርግላቸው የምችለው ትልቁ ደግነት ጥያቸው መሄድ ነው።

ቀሪው ክላክስ ነው። ሁለት ጊዜ "ጢጥ ጢጥ"። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንዴ ክላክሱም ከባትሪው ጋር አብሮ ሰልሎ የታመመ በግ ድምፅ ነው የሚያወጣው። እጄን በመስኮት አውጥቼ አወዛውዛለሁ። ያ ነው ምስጋናው። ፊታቸውን እንኳ በቅጡ ሳላየው የሄዱ ስንት ሰዎች አሉ። የማውቀው እጃቸውን ነው፤ የኋላ ኮፈን ላይ አቧራው ውስጥ አምስት አምስት ጣት ታትሞ ማታ ቤት ስገባ አገኘዋለሁ። ከመጥረጌ በፊት ትንሽ አየዋለሁ። ትልቅ መዳፍ አለ፣ የልጅ መዳፍ አለ፣ አንዳንዴ አንድ እጅ ብቻ አለ፤ በሌላው ዕቃ ይዞ ነበር ማለት ነው።

እና ብር የሚባል ነገር እዚህ ቦታ የለውም። አንዴ አብራኝ የነበረች የሥራ ባልደረባዬ ከመነሳታችን በፊት በመስኮት ብር ዘረጋች። ልጁ ሳቀና "እህቴ፣ ቤንዚን ቅጂላት" አላት። አልተቀየማትም። የማይሸጥ ነገር ዋጋ እንደጠየቀች ነው ያያት። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ከተማ፣ መኪና መግፋት ገበያ ሊሆን ይችላል፤ አልፈርድም። ሰው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሌላ ሰው ጉልበቱን ሲያወጣ ቢከፈለው ምን አለበት? ግን ጎንደር ላይ ያየሁት ሌላ ነው። ግማሹ ሳይጠራ ነው የሚመጣው። መኪና በር ተከፍቶ አንድ እግር ወጥቶ መሬት ሲገፋ ካየ በቃ፣ ዕቃውን አስቀምጦ ይመጣል።

የሚገርመው ደግሞ የሚመጡት ሰዎች ናቸው። ባለባጃጆች ቀድመው ይደርሳሉ፤ የሞተር ነገር ስለሚያውቁ ግማሹን ጊዜ ኮፈን እንክፈት ይላሉ። ተማሪዎች በቡድን ይመጣሉ፣ በሳቅ ይገፋሉ፣ ግማሾቹ የሚገፉት ጓደኛቸውን ነው። ሽማግሌዎች ሁለት እጅ አይገፉም፤ አንድ እጃቸውን ጣል ያደርጉና በቃል ይገፋሉ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለውን ተረት በየመንገዱ የሰማሁት ከነሱ ነው። አንድ ቀን ፒያሳ፣ የአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት አጠገብ መኪናዋ አሻፈረኝ አለች። አንዱ ሊስትሮ ሐውልቱን ቀና ብሎ አየና "መይሳው ሴባስቶፖልን መቅደላ ያወጣበት አገር ላይ ለዲኤክስ እንነስ?" ብሎ አሳቀን። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አጠገብ ከጋፋት ተጎትቶ መቅደላ የወጣው መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። የእኔዋ ከዚያ ሰባተኛውንም አትሞላ። ያኔ ግን መንገዱንም እየጠረቡ ነበር የሚሄዱት፤ ወራት ፈጅቶባቸዋል። እኛ ከሐውልቱ እስከ ቀጣዩ መታጠፊያ ነበር። ተነሳች።

የጥምቀቱን ግን ሳልጽፈው አላልፍም።

ጥምቀት ጎንደር ላይ መኪና የሚነዳበት በዓል አይደለም። መንገዱ የሰው ነው። ከከተራ ጀምሮ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ተቀመጠች። በቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12፣ አንዲት አክስቴ ታመመችብንና ሐኪም ቤት ማድረስ ግድ ሆነ። ባጃጅ የለም። ያለው የእኔ ዲኤክስ ነው። ዲኤክስዋ ደግሞ ቀናት ቆማለች፤ ቁልፍ ሳዞር "ጠቅ" እንኳ አላለችም። መብራቱ ግን ደብዘዝ ብሎ በራ።

ከግቢ በር ወጥተን ከመንገዱ አፍ ላይ ስንደርስ ከታች በኩል ወጣቶች እየጨፈሩ መጡ። ዱላ ይዘዋል፣ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ድምፃቸው ከሁለት ቀን ጭፈራ በኋላ ሻክሯል። ጋሼ መሀል መንገድ ላይ ወጥተው ቆሙና "ልጆቼ፣ በሽተኛ አለን" አሉ። ዘፈኑ ቀጥ አለ። ዱላዎቹን ምን እንዳደረጓቸው አልረሳውም። መሬት አልጣሉም። ጣሪያው ላይ ደረደሯቸው፣ ከዚያ ዙሪያዋን ከበቧት። ከኋላ ብቻ አይደለም፤ በየበሩ አጠገብ፣ በየመስኮቱ ጠርዝ። አክስቴ ከኋላ ወንበር ነጠላዋን ተከናንባ "ኧረ ልጆች ቀስ" ትላለች። ማንም አይሰማትም።

አንደኛው "ሆ" ሲል ጀመሩ። በጭፈራው ምት ነው የሚገፉት። አንድ እርምጃ፣ "ሆ"፣ አንድ እርምጃ፣ "ሆ"። እንደዚያ እየተወዛወዘች የሄደች መኪና አይቼ አላውቅም። ምቱ ሲፈጥን እርምጃው ፈጠነ፣ እርምጃው ሲፈጥን ሩጫ ሆነ፣ እኔም ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። ተንቀጠቀጠች፣ ጭስ አወጣች፣ ያዘች። የደስታቸው ጩኸት ከሞተሩ በላይ ነበር። አንዲት ነጠላዋን በወገቧ ያሠረች ሴት ከጎኔ እየሮጠች "በይ ሂጂ! በይ ሂጂ!" እያለች በሩን ትደበድባለች።

ሄድኩ። ሐኪም ቤት በር ላይ ሞተር ሳላጠፋ አክስቴን አወረድናት። ደህና ነች፤ ደም ግፊቷ ነበር። ስንመለስ ነው የአክስቴ ልጅ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያየው። ሁለት ዱላ እዚያው ነበሩ። የቀሩት የት እንደወደቁ እንጃ። ባለቤቶቹን ብፈልግ ማንን ብዬ እጠይቃለሁ? ላብ ያጠመቀው፣ ድምፁ የሻከረ፣ ነጭ የለበሰ ወጣት በጥር 12 ጎንደር ላይ ስንት ሺህ ነው?

ለጋሼ ይኼን ስነግራቸው የራሳቸውን አመጡ። ወጣት ሆነው ኤንትሬ ነበር የሚነዱት፤ ያ የድሮው የፊያት ከባድ መኪና። ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞን ይወርዳሉ። ጣልያን በተራራው ጎን የጠረበው መንገድ ነው፤ መታጠፊያው አያልቅም። ባትሪ ሲደክምባቸው የሚያድሩት አፍንጫዋን አዘንብለው ነበር። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ አይፈልግም። አየሩን ጨምቆ ሲያግለው ናፍጣው በራሱ ይነዳል። ስለዚህ የድሮ ናፍጣ ቁልቁለት ካገኘ ከባትሪ ጋር ብዙም ጉዳይ የለውም።

የረዳቱ ሥራ ጥዋት ታኮውን ከጎማው ሥር ነቅሎ ሮጦ መንጠልጠል ነበር። "ማርሽ ሳይገባ ታኮ የነቀለ ረዳት እናቱን አስለቅሷል" ይላሉ ጋሼ። ሞተር ሳይነሳ ፍሬኑ የሚታመን አይደለምና። አንድ ጥዋት ረዳቱ ታኮውን ነቀለ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ረዳቱ ግን መንጠልጠሉ አልሆነለትም። ጭነት ይዞ ቁልቁለት ላይ አይቆም። ጋሼ ታች ሜዳው ጋ ደርሰው ነው የጠበቁት። ልጁ ታኮውን ተሸክሞ በእግሩ ደረሰ። "ተቆጣዎት?" ስላቸው "ምን ብሎ? ታኮውን ይዞ መምጣቱን ብቻ ጠየቅኩት" አሉኝ። ሌላ ታኮ አልነበራቸውም ለካ።

ይኼ የፍሬን ነገር ለትንሽ መኪናም ይሠራል። ሞተር ሳይነሳ የፍሬን ፔዳል ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል፤ አጋዡ ኃይል ከሞተሩ ነውና የሚመጣው። መሪውም ሃይድሮሊክ ከሆነ ይከብዳል። ቁልፉ ከተነቀለ ጭራሽ ይቆለፋል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ብቻችሁን ስትለቁ ከፊት ሰው፣ አህያ፣ የቡና ጠረጴዛ አለመኖሩን ማየት ነው። የሚገፉ ሰዎች ደግሞ ኮፈኑን በመዳፍ፣ በጠርዙ ላይ ይግፉ እንጂ መብራቱንና መስታወቱን አይግፉ። መኪናዋ ድንገት ስትይዝ ወደ ፊት ትዘላለችና ሙሉ ክብደቱን የጣለ ሰው በግንባሩ ይወድቃል። በገመድ ስቦ ማስነሳትን ደግሞ አልወደውም። የተሳበችው ስትነሳ ፊት ያለችውን ትገጫለች፤ ሁለት ባለመኪና ተጣልተው አይቻለሁ። ኢንጀክሽን ያላቸው አዳዲሶቹ ደግሞ ደጋግሞ መግፋት አይስማማቸውም። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ሄዶ ውድ ዕቃ ያበላሻል። በአንድ በሁለት ካልተነሱ ተዉአቸው።

በመጨረሻ አውቶ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ ጋ ወሰድኳት። ቴስተሩን ጫፍና ጫፉ ላይ አስቀመጠ፤ 10.5 አለ። ደህና ባትሪ ሞልቶ ሲያድር 12.6 ነው የሚያሳየው። ስድስት ሴል አለው፣ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት። "አንዱ ሴል ሞቷል" አለኝ። ይኼን ስትሰሙ ቻርጅ ላይ ብር አታባክኑ፤ የሞተ ሴል አይነሳም። የባትሪው ጫፎች ላይ የሚታሰሩትን ሞርሴቶዎች በሙቅ ውሃና በሶዳ አጥቦ፣ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ አጥብቆ፣ አዲስ ባትሪ አስገባልኝ። ጥዋት ጥዋት አንዴ ቁልፍ ሳዞር መነሳት ጀመረች።

ሰፈሩ ወሬውን ቶሎ አልሰማም። ስወጣ እጃቸውን እያሟሹ የሚነሱ ልጆች ነበሩ፤ እኔ በራሴ ተነስቼ ሳልፍ ቅር የተሰኙ ይመስለኝ ነበር። አሁን ተራው የእኔ ነው። መኪና የሚገፋ ሳይ አቆማለሁ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ እሄዳለሁ። "አንቺ ተይው" ይሉኛል። አልተወውም። መኪናዋ ተነስታ ስትሄድ "ጢጥ ጢጥ" ሲባልልኝ ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ያኔ ነው። ዞር ብሎ የማያይ ሹፌር ሲያጋጥመኝ አልቀየምም። አየዋለሁ፣ መሪው ላይ ተጣብቆ ቤንዚን እየሰጠ ይሄዳል። ቢቆም ነው የምቀየመው።

ግን የሚገፋው መኪና እያነሰ ነው። አሁን ብዙው ሰው የሚገዛው ኦቶማቲክ ነው፤ ኦቶማቲክ ደግሞ ቢገፋ አይነሳም። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት ግፊት የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። ሞተሩ ከቆመ ጎማውና ሞተሩ አይተዋወቁም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ አዲስ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ነው።

አንዱ ጎረቤታችን ከአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጣ። አምሮበታል። አንድ ጥዋት ግን በሩ በሪሞት አልከፈት አለ። በቁልፍ ተከፈተ፤ ውስጡ ጨለማ። ከወለሉ ሥር ያን የሚያህል ባትሪ ተሸክሞ እንዴት ይሆናል አልን። ለካ እነሱም እንደ ዲኤክስ ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ትልቁን የሚቀሰቅሰው ትንሹ ነው። ትንሹ ከተኛ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም ጥቅም የለውም።

እኛ ሰብሰብ ብለን ምክንያቱን ስንነጋገር ልጆቹ ሳይጠሩ መጥተው ከኋላ ተሰልፈዋል። እጃቸውን አስቀምጠዋል። ጋሼ አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው ፈለጉ፣ ፈለጉና "ማርሹ የት አለ?" አሉ።

"የለውም ጋሼ።"

"ፍሪሲዮኑስ?"

"እሱም።"

ጋሼ አንገታቸውን መለሱ። ልጆቹን "ጠብቁ" አሏቸው እንጂ ሂዱ አላሏቸውም።

ዲኤክስዋን አስነስቼ አጠገቡ አቆምኳት። ኬብል ነበረኝ። ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከኔ ባትሪ ወደሱ መኪና ብረት፤ ጥቁሩን በቀጥታ ባትሪው ላይ ማድረግ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ከባትሪ ደግሞ የሚነድ ጋዝ ይወጣል። ጎረቤቴ ቁልፏን ተጫነ። ስክሪኑ በራ። ሌላ ምንም የለም።

"ተነሳ እንዴ?" አለ ከኋላ ያለው ልጅ።

"ተነስቷል።"

"ድምፁስ?"

ጎረቤቴ ወረደ። መውረድ ይችላል፤ አትጠፋበትም። ሰላምታ አዋቂ ሰው ነው፣ ወደ ኋላ ሄዶ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጨበጠ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ" ይላቸው ጀመር። እነሱ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው እጁን ከኮፈኑ ላይ ሳያነሳ "ኧረ ወንድሜ፣ እኛ ገና አልገፋንም" አለው።